ከሟቹ ኮሌታ የወጣው ነቀዝ

ነቀዙ የወጣው ከሟቹ ኮሌታ ሥር ነው። ደረቱ ላይ ወረደ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ዞረ፣ ከዚያም የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለ ሁሉ ወደ ሆዱ አቀና።

መቶ አለቃ ዱዎት ጎንበስ ብሎ አየው።

«አብኔር፣ ይሄ ሰው በምን ሞተ አልከኝ?»

ጤና ረዳቱ አብኔር አፍና አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆሟል። «በነቀዝ መድኃኒት ነው መቶ አለቃ። ጋዙ አፍኖት ነው። ከንፈሩን አላዩትም? ጠቁሯል። እባክዎ ራቅ ይበሉ፣ ልብሱ ላይ ይኖራል።»

«ነቀዝ የሚገድለው መድኃኒት?»

«እሱው ነው። ሰውም አይምርም።»

 ዱዎት ክብሪቱን አወጣና እንጨቶቹን ኪሱ ውስጥ ገለበጠ። ነቀዙን በባዶው ሣጥን ውስጥ ዘጋበት። ቀጥሎ የሟቹን አፍ በጣቱ ከፈተ። ምላሱ ላይ አቧራ ነበር፤ በጥርሶቹ መሃል ደግሞ አንዲት የቃጫ ክር ተሰክታለች። እሷንም ስቦ አወጣትና በወረቀት ጠቀለላት።

ሟቹ ሙሉብርሃን ይባላል። ከባሮ ማዶ ያለው የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው፤ ቢሮ በየጊዜው ይከፈታል፣ ስብሰባው ደግሞ ከቢሮው ይበልጣል። ባለፈው ሐሙስ በተደረገው ግምገማ ሙሉብርሃን ተነስቶ እንዲቆም ተደረገ። ለሰፋሪዎች የታደለው የበቆሎ ዘር ሳይበቅል መሬት ውስጥ ቀርቶ ነበርና «አንተ የነቀዝክ ሰው ነህ» ተባለ። እሱም «እስከ ሰኞ ታገሡኝ፣ ሰኞ ይነገራል» ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ ዓርብ መጋዘኑ የነቀዝ መድኃኒት ገብቶበት ታሸገ። ሙሉብርሃን ያን ቀን ቤቱ አልገባም። ዛሬ እሑድ፣ ሬሳው ከታሸገው መጋዘን ወጣ። አጠገቡ ባዶ የመድኃኒት ቆርቆሮ ተገኘ። አገሩ ሁሉ አንድ ነገር አለ፤ አፍሮ ተደበቀ፣ እላዩ ላይ አሳሸገ፣ ሞተ።

ዱዎት የኑዌር ልጅ ነው። አማርኛን የተማረው አድጎ ስለሆነ አዲስ ቃል ሲገጥመው ሦስት አራት ሰው ካልጠየቀ አይለቅም። አንዳንዱ ይስቅበታል። ከሳቁበት መሃል ብዙዎቹ ኋላ ላይ እስር ቤት ሆነው ትዝ ይላቸዋል።

ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር የሟቹ ሚስት ወለተጊዮርጊስ ተቀምጣለች። ወንድ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ወለተጊዮርጊስ አላለቀሰችም፤ ልቅሶውን ለሌላ ጊዜ ያስቀመጠችው ትመስላለች።

«ወንድሜ፣» አለችው። «የፖሊስ ወረቀትህ ምን ይላል?»

«ገና አልጻፍኩም።»

«ሰው ጽፎልሃል እኮ። ቄሱም ሰምተዋል። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፣ ቅጥር ውስጥ አይገባም አሉኝ። ጉድጓዱን ከአጥር ውጭ ማሱ አሉኝ። በዚህ ሙቀት ለነገ አላሳድረውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መቅበር አለብኝ።» የልጇን ፀጉር ነካች። «ነገ ይህን ልጅ የነቃዛው ልጅ ይሉታል። እሱን እንችለዋለን። አባቱ እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ሲጣል ግን አልችልም። ሙሉብርሃን ራሱን አያጠፋም። ሰኞ እናገራለሁ ያለ ሰው ዓርብ አይሞትም!»

«ምን ነበር የሚናገረው?»

«ለኔም አልነገረኝም። 'የሌላ ሰው ነገር ነው፣ ዕድል ልስጠው' ነው ያለኝ።»

ዱዎት ቆቡን አደረገ። «ቄሱን ጠብቁኝ በያቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመጣለሁ።»

መጋዘኑ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። በሩ ላይ የራስ ቅል የተሣለበት ወረቀት ተለጥፏል። የበሩ ክፈፍ ዙሪያውን በጭቃ ተመርጎ ነበር፤ አሁን ጭቃው ተሰባብሮ ከደጃፉ ወድቋል። ሰዎች ከማንጎው ሥር ርቀው ቆመዋል።

ዘበኛው ሩአች እንደ ዱዎት ኑዌር ነውና በቋንቋቸው ጀመሩት። የመጋዘኑ የበላይ ቢሮ ኃላፊ በሪሁን ፊቱን ሲያጠቁር ዱዎት ወደ አማርኛ መለሰው። «ሁሉም ይስማ ሩአች። ጭቃውን ማን አፈረሰው?»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት። ከዚያ በፊት ማንም አልነካውም። እኔ ሌሊት በሩ ላይ ነው ምተኛው፤ ጀርባዬ በሩ ላይ ነው።»

«ለምን አፈረስከው?»

«እሷ መጣች፣ የሙሉብርሃን ሚስት። ሳይክሉን ከመጋዘኑ ኋላ አገኘችው። ጮኸች። 'ክፈት' አለች። እኔ ፈራሁ። ሞት ተሥሏል። መድኃኒት የሚያደርገውን ሰው፣ ደሞዝን አስጠራሁ። ደሞዝ ሮጦ መጣ። 'አፍርስ' አለኝ፣ አፈረስኩ። ደሞዝ ገባ።» ሩአች ራሱን ነቀነቀ። «ጀግና ነው ደሞዝ። ጭንብሉን እንኳ አላደረገም። አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ እንዲሁ ገባ። ስለ ጓደኛው ሞትን ናቀ።»

«እውነት ነው!» አሉ ከማንጎው ሥር የቆሙት። «ደሞዝ እኮ ባዶ ፊቱን ነው የገባ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ከውስጥ 'ና እግሩን ያዝልኝ' አለኝ። ገብቼ ያዝኩ። አወጣነው። ወዲያው ዘጋው።»

«አንተስ ጭንብል ነበረህ?»

ሩአች ሳቀ። «እኔ ጭንብል ከየት አመጣለሁ? ኪዳነ ምሕረት ናት ያወጣችኝ፣ ይላሉ እነሱ።»

ደሞዝ ራሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። መጋዘኑን መድኃኒት የሚያደርገው እሱ ነው። ከሙሉብርሃን ጋር በድርቁ ጊዜ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው መጡ፤ በአንድ ጎጆ ኖሩ፤ የሙሉብርሃንን ልጅ ክርስትና ያነሳው ደሞዝ ነው። አበልጆች ናቸው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ሰው ሁሉ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ እጅጌውን ሰብስቦ ሳለ፣ እሱ ወፍራም ካኪ ለብሶ እስከ እጁ አንጓ ቆልፎታል።

ዱዎት ወደ በሩ ሄደ።

«መቶ አለቃ!» ደሞዝ ብድግ አለ። «ምን ሊያደርጉ ነው? አይግቡ! ይሞታሉ!» ጭንብሉን ይዞ ሮጠ። «ካልሆነ ይሄን ያድርጉ።»

ዱዎት ክብሪት ሣጥኑን ከፈተና አየ። ነቀዙ ከጥግ ጥግ ይመላለሳል። «እሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ» አለና በሩን ገፍቶ ገባ።

ከውጭ አንዲት ሴት እሪ አለች።

ውስጡ ጨለማና ሙቀት ነው። ዱዎት ጆሮውን አንዱ ጆንያ ላይ ጣል አደረገ። ከውስጥ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ትንንሽ አፍ እየበላ ነው። እጁን ሲያነሳ መዳፉ ላይ ሦስት ነቀዝ ይሄዳል። ሬሳው የነበረበትን ቦታ አገኘው፤ ከኋለኛው ክምር ጀርባ ነው። አንድ ባዶ ጆንያ ተጨማድዶ ወድቋል። አነሳው። በአንድ በኩል ቃጫው ተነክሶ ተበጣጥሷል።

ጆንያውን ብብቱ ሥር ይዞ ሲወጣ ሰዉ ሙት የተነሳ ይመስል ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«መድኃኒቱ አልሠራም» አለ ዱዎት።

ደሞዝ ጆንያውን አየ። ከዚያ ጭንብሉን መሬት ላይ ወረወረው። «ያረጀ ነበር ማለት ነው! በገዛ እጄ ጨምሬዋለሁ እኮ። ያረጀ መድኃኒት ነው የሰጡኝ!» ቀና ብሎ በሪሁንን አየ። «ከቢሮ ነው የተሰጠኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

በሪሁን ከመሃል አገር ተሹሞ የመጣ ወጣት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቃሉም የተተኮሰ። ዱዎት ወደ ጥላው ወሰደው።

«አቶ በሪሁን፣ ሐሙስ ዕለት ለሟቹ 'የነቀዝክ' ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ግምገማ ነው። የተሰማኝን ተናገርኩ።»

«ምን ማለት ነው? አማርኛዬ ደካማ ነው።»

«ንቅዘት የሥነ ምግባር ውድቀት ነው። ሕዝብ የጣለበትን አደራ ለግል ጥቅም ማዋል። ሲበዛ ድርጅትን ያፈርሳል፣ አገርንም…»

«ይሄን ያውቁታል?» ዱዎት ክብሪት ሣጥኑን ከፈተለት።

በሪሁን ወደ ኋላ ሸሸ። «ምንድን ነው? ቅማል ነው?»

«ነቀዝ ነው።»

«…ትንሽ ነው እንዴ?»

«ሙሉብርሃን መንቀዙን ማን ነገረዎት?»

«የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። ስም መጥቀስ ደንብ አይደለም።»

«ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል አቶ በሪሁን። የምን ደንብ ነው?»

በሪሁን ጫማውን አየ። «ደሞዝ ነው። እያለቀሰ ነው የነገረኝ። 'አበልጄ ነው፣ ግን ሕዝብ ይበልጥብኛል፣ ዘሩን እየለወጠ ይሸጣል' አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው ብዬ…»

«የመጋዘኑ ሌላ ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ። ግን ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«ያንንስ አምናለሁ» አለ ዱዎት።

እማማ ሺታዬ ከማንጎው ግንድ ተደግፈው ጆንያ መስፊያ ወስፌያቸውን ይዘዋል። ሰፋሪ ናቸው፣ አቦቦ አጠገብ በቆሎ ያርሳሉ፤ እርሻ በሌለ ጊዜ እዚህ ጆንያ ይሰፋሉ። ሙሉብርሃንን ገበያ መሃል መስደባቸውን ያልሰማ የለም።

«እማማ፣ ነቀዘ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያሾፍክብኝ እንደሆነ ይቅርብህ። ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«እውነቴን ነው።»

«ነቀዘ የሚባለው እህል ነው የኔ ልጅ። ስታየው ደህና፣ ስትጨብጠው ደህና። ውኃ ውስጥ ስትጥለው ይንሳፈፋል። ሆዱ ባዶ ነዋ!»

«ለሰውስ?»

«ለሰው እኛ አንልም ነበር። ሌባ እንላለን፣ አመለ ቢስ እንላለን፣ አልጠፋብን ስድብ! ይሄን ስብሰባ ነው ያመጣው።» ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰኩት። «እኔም ከነሱ ተማርኩና ገበያ ላይ 'ነቃዛ' ብዬ ጮኽኩበት። ዘሩ አልበቀለልኝም፣ ልጆቼ ምን ይብሉ? ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እውነትዎን ነው እማማ ሺታዬ፣ የሚበላን ከውስጥ ነው' አለኝ። እኔ ያፌዘብኝ መሰለኝና ጭራሽ ረገምኩት።» ቀና ብለው አዩት። «እርግማኔ ነው የገደለው ትላለህ?»

«እርግማን ጆንያ አይዝም። ዓርብ ዕለት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሙሉብርሃን ጠዋት ገባ። እኔ እህል ልቀምስ እዚህ ቅርብ ወዳለችው ማደሪያዬ ሄድኩ። ስመለስ ደሞዝ ጭንብሉን አድርጎ በሩን ይመርጋል። ሦስት ጊዜ 'ሰው አለ? ሰው አለ? ሰው አለ?' ብሎ ተጣራ፣ እንደ ደንቡ። የሚመልስ የለም። አተመው።»

ዱዎት ደሞዝን መጨረሻ ላይ ጠየቀው፤ እሱንም ስለ ነቀዝ።

ደሞዝ ደክሞታል፤ ግን ነቀዝ ሲነሳ ሥራው ነውና ድምፁ ሕይወት ዘራ። «እንስቷ ፍሬውን ትበሳለች። እንቁላሏን ትጥልበታለች። ከዚያ ቀዳዳውን በምራቋ ትደፍነዋለች፤ በዓይን አታየውም። ልጁ ከውስጥ ይበላል። ቀዳዳ የምታየው በልቶ ሲወጣ ነው። ያኔ አለቀ።»

«ትደፍነዋለች?»

«ልክ እንደ ምርጊት።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነህ» አለ ዱዎት። «በዚህ ሙቀት ግን ምነው እጅጌህን ቆለፍክ?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል። ወባዬ ተነስቶ ነው።»

ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር የረድዋን የእህል ሱቅ አለ። ረድዋን የጭነት መኪና አለው፤ ዓርብ ጠዋት ከመጋዘኑ ግቢ ሲወጣ ታይቷል። ሳቂታ ሰው ነው። ዱዎት እጁን ማሽላው ውስጥ ሰደደና አወጣ። ንጹሕ ነው።

«የኔ እህል ነቀዝ አያውቅም መቶ አለቃ!»

«በምን ዘዴ?»

«በአላህ ቸርነት።»

ከባንኮኒው ሥር ሚስማር የተቀመጠበት አንድ ቆርቆሮ አለ። የራስ ቅል ተሥሎበታል። ዱዎት በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «አላህ ቸርነቱን በቆርቆሮ ነው የሚልክልህ?»

ረድዋን ሳቁን ዋጠ።

«ሬሳው ጤና ጣቢያ ነው ረድዋን። አሁን ከነገርከኝ ገዢ ነህ። ኋላ ከነገርከኝ ግን ሌላ ስም አለው።»

ረድዋን ሚስማሩን አየ፤ ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ባንኮኒው ሥር መልሶ ገፋው። «እመጣለሁ። እዚያው ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ። ሙሉብርሃን ደግ ሰው ነበር።»

ፀሐይ ወደ ባሮ ስታዘቀዝቅ የሬሳው ሣጥን ማንጎው ሥር ወረደ። ዱዎት ነው ያስመጣው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ወለተጊዮርጊስ ከነልጇ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። በሪሁን፣ እማማ ሺታዬ፣ ረድዋን፣ ሩአች፣ ደሞዝ ሁሉም አሉ። ሌላ ሰው አጥሩን ሞልቶታል።

«አባታችን፣» አለ ዱዎት ለቄሱ፣ «እኔ የእርስዎን ሥርዓት አላውቅም። ራሱን ያጠፋ ከሆነ ፍትሐት የለም አሉ። የተገደለ ከሆነስ?»

«በሰው እጅ ከሞተማ እንዴት ይከለከላል?»

«እንግዲህ ይስሙኝ።» ክብሪት ሣጥኑን ከፍቶ የሬሳው ሣጥን ክዳን ላይ አስቀመጠው። ነቀዙ ወጥቶ እንጨቱ ላይ ሄደ። «ይሄ ከሙሉብርሃን ኮሌታ የወጣ ነው። እኛ ማሽላችንን ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ የምንሰቅለው ይሄን ፈርተን ነው፣ አውቀዋለሁ። ቤቱ መርዝ ሞልቶት ቢሆን ይሄ ሞቶ ነበር። ገባሁ፣ ሁሉም ይሄዳል፣ ሁሉም ይበላል። ስለዚህ ሙሉብርሃን በመድኃኒት አልሞተም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«በምን ሞተ? አፉ ውስጥ የቃጫ ክር አገኘሁ። ከሬሳው አጠገብ የነበረው ጆንያ ደግሞ ይሄው፣ በጥርስ ተነክሷል። ፊቱ ላይ ጆንያ ጭነው ነው ያፈኑት። ከንፈሩ የጠቆረው በዚህ ነው። መቼ? ሩአች ጀርባው በሩ ላይ ነበር፣ ምርጊቱ አልተነካም። ሙሉብርሃን ሕያው ሆኖ ታሽጎበት ቢሆን መርዝ በሌለበት ቤት እስከ እሑድ በሩን በደበደበ። ስለዚህ በሩ ሲታተም ሞቷል። ሦስት ጊዜ 'ሰው አለ' ተብሏል። ሰውስ ነበር፤ የሚመልስ ነው ያልነበረው።»

«በሩን የመረግኩት እኔ ነኝ» አለ ደሞዝ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «ከኔ በፊት የገባ ሰው ገድሎት ይሆናል። ከክምሩ ኋላ አላየሁትም። መድኃኒቱም አርጅቶ ነበር፣ ብያለሁ። ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አለ።»

ዓይን ሁሉ ወደ በሪሁን ዞረ። በሪሁን ላቡ ወረደ።

«ጥሩ፣» አለ ዱዎት። «መድኃኒቱ ማርጀቱን አላወቅክም?»

«በምን አውቃለሁ?»

«ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ በሩ ሲከፈት፣ ውስጡ መርዝ ነው ብለህ ታምን ነበር።»

«አዎ።»

«ግን ጭንብልህ አንገትህ ላይ እያለ ባዶ ፊትህን ገባህ።»

«አበልጄ ነው!» ደሞዝ ደረቱን መታ። «ልጁን ያነሳሁ ነኝ! ለራሴ ማሰብ ነበረብኝ?»

«ልክ ነው! ጀግና ነው!» አለ አንድ ሰው ከአጥሩ።

«እኔም ጀግና ነው ብዬ ነበር» አለ ዱዎት። «ሰው ስለ ወዳጁ የራሱን ሞት ይንቃል። ይሁን። ግን ደሞዝ፣ ሩአችን ለምን ጠራኸው?»

ደሞዝ እጅጌውን ወደ መዳፉ ሳበ።

«'ና እግሩን ያዝልኝ' አልከው። ሩአች ጭንብል የለውም። የልጆች አባት ነው። ሙሉብርሃን እንደሞተ ደግሞ አይተሃል፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። መርዝ የሞላው ቤት ውስጥ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው፣ ሌላውን ባዶ ፊቱን ና ብሎ ይጠራል? እኔ በዚህ በር ስገባ ጭንብል ይዘህ ሮጥክ። ለሩአች አልሮጥክም። ያኔ የሚያይህ መርማሪ ስላልነበረ ዘነጋኸው። አየሩ ንጹሕ መሆኑን ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ አንተ ብቻ ታውቅ ነበር። ለምን? መድኃኒት አልጨመርክማ!»

ሩአች ቀስ ብሎ ወደ ደሞዝ ዞረ። ጠዋት ጀግና ያለውን ሰው አዲስ ሰው ይመስል አየው።

«ረድዋን።»

ረድዋን ቆቡን አወለቀ። «መድኃኒቱን ለኔ ይሸጥልኝ ነበር። የተረፈ ነው ይለኛል። ዓርብም ጠዋት በመኪናዬ መጥቼ ከግቢው ወስጃለሁ። የሰው ዘር እየነቀዘ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወላሂ።»

«በሩን ያትማል፣ የራስ ቅል ይለጥፋል» አለ ዱዎት። «ሰው ፈርቶ አይገባም። ውስጥ ነቀዙ ዘሩን ይበላል። እማማ ሺታዬ የዘሩት ያንን ነው። ሙሉብርሃን ይሄን ደረሰበት፤ ስለዚህ ደሞዝ ቀድሞ ስሙን ለአቶ በሪሁን ሰጠ። ዛሬ ባይከፈት ኖሮ በሩ የሚከፈተው ሬሳው ሸትቶ ነበር። ማን ቀርቦ ያየዋል? ማን አፉን ይከፍታል?» ወደ ደሞዝ ተጠጋ። «እጅጌህን ሰብስብ።»

ደሞዝ አልተንቀሳቀሰም። ሩአች እጁን ያዘና ቁልፉን በጠሰው። ከአንጓው እስከ ክርኑ የጥፍር ጭረት ነበር፤ አንዳንዱ መግል ይዟል።

ወለተጊዮርጊስ ተነሳች። «ልጄን ክርስትና ያነሳህበት እጅ ነው?» አለችው።

 ደሞዝ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ስሜን አላነሳም አለኝ» አለ። «ሐሙስ ሁሉ ሲሰድበው ዝም አለ። ዓርብ እዚያ ውስጥ ሆኖ 'ሰኞ አንተው ራስህ ተናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ' አለኝ። ቢጮኽብኝ ይሻል ነበር። ቢሰድበኝ። አብሬህ እቆማለሁ አለኝ!» ፊቱን በተጫረው እጁ ሸፈነ። «ሰኞን ፈራሁት።»

 ፖሊሶች አንስተው ወሰዱት። ቄሱ መስቀላቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉና «አንሱት» አሉ። «ቅጥር ውስጥ፣ ከአባቶች ጎን።»

ሣጥኑን ሊሸከሙ ሲሉ ወለተጊዮርጊስ እጇን ዘረጋች። «ቆይ። አቶ በሪሁን ይምጣ።»

በሪሁን መጣ።

«በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት ውሰደው። ልጄ ይስማህ።»

በሪሁን ጉሮሮውን ጠረገ። ለስብሰባ የማይጠፋው ቃል ጠፋው። «ሙሉብርሃን… የነቀዘ ነው ያልኩትን መልሻለሁ። አልነቀዘም። እሱ…» ቆመ። ልጁ ቀና ብሎ ያየዋል። «እሱ… ምን ልበል? ያልነቀዘው ምን ይባላል?»

እማማ ሺታዬ ወስፌያቸውን መሬት ጣሉ። «አልተማርክም መሰል! የነቀዘው ሲንሳፈፍ ከሥር የሚቀረውን ምን ትለዋለህ? ዘር ነው የሚባለው። ዘር በለው።»

«ዘር ነው» አለ በሪሁን፣ ቀስ ብሎ።

ወለተጊዮርጊስ ያኔ ገና ማልቀስ ጀመረች። ሣጥኑን ተሸክመው ድልድዩን ተሻገሩ። ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ መሬቱም ለስልሶ ነበርና ጉድጓዱ ሳያስቸግር ተቆፈረ።